ካላማዳሪ የሌለው ጎማ

ኬፕ ታውን፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሐብተማርያም፣
ወላይታ ሶዶ

ከአክብሮት ጋር ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ እትዬ ጣፈጠች ወገባቸው ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ የእናንተን ደህንነት ደግሞ ዘወትር ከእግዚአብሔር እለምናለሁ።

ይህን ደብዳቤ የያዘልዎ ሰው ይልቃል ይባላል፤ እዚህ ሱቅ ያለው ያገር ልጅ ነው። ሁለት የተጣጠፉ የብስክሌት ጎማዎች፣ ሁለት ቫልቮች፣ አንድ ጥቅል ፕላስተርና ነጭ ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስ ያስረክብዎታል። ለወንድሜ ለዳና ናቸው። ከውስጥ አየር የሚይዝ ካላማዳሪ የላቸውም። ረስቼው አይደለም፤ አሠራራቸው እንዲያ ነው። እሾህ ሲወጋቸው ያ ፈሳሽ ቀዳዳውን ራሱ ይደፍነዋል።

ያሰብኩትን በግልጽ ልንገርዎ። ዳና ስልኬን ማንሳት ካቆመ ሰንብቷል። የተቀየመኝ “ወደ እኔ እንዳትመጣ” ስላልኩት ነው። እኔ በመጣሁበት መንገድ ከሚመጣ ዕድሜ ልኩን ይቀየመኝ። ያንን መንገድ አውቀዋለሁ። እሱን ሶዶ የሚያቆየው አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ በእጁ ያለው ደግሞ ያ ብስክሌት ብቻ ነው። አምና በብስክሌት ክለቡ ማጣሪያ ከዳሞታ ተራራ ሲወርድ እሾህ ጎማውን ባያስተነፍስበት ኖሮ ይገባ ነበር። ዘንድሮም ከፋሲካ በኋላ ማጣሪያ እንዳለ ሰምቻለሁ። ክለብ ከገባ ደመወዝ አለው፤ ደመወዝ ያለው ልጅ የደላላ ወሬ አይሰማም።

እናታችን ካረፈች ጀምሮ ለሁለታችንም አባት የሆኑን እርስዎ ነዎት። እኔን ባይሰማ እርስዎን ይሰማል። ጎማውንም እርስዎ ይግጠሙለት። ጆሮዎ ቢሰማ ኖሮ ደውዬ ባስረዳሁዎ ደስ ባለኝ። እንዳዘዙኝ የምጽፈውን ሁሉ በፖስታ ሣጥንዎ እልካለሁ እንጂ በሰው ስልክ ልኬ ሰፈሩ እንዲያነበው አላደርግም።

ልጅዎ ሳሚ ጩማ


ወላይታ ሶዶ፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድህ ለእህቴ ልጅ ለሳሚ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ቸሩ አምላክ ይክበር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ጣፈጠች ወገቧን አሁንም ታማርራለች፤ ምላሷ ግን እንደ ጥንቱ ነው።

ዕቃውን ተረክቤአለሁ። ይልቃል ጨዋ ሰው ነው፤ ምሳ በልቶ መርቆን ሄደ። አሁን ስማኝ። እኔ ፀጉሬ የሸበተው ጎማ ሥር ተንበርክኬ ነው። የሚኒባስና የአይሱዙ ጎማ ያለ ካላማዳሪ እንደሚሠራ ላንተም ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ይህ እንደ ሹራብ የሚታጠፍ የብስክሌት ጎማ ግን ለብቻው አየር ይይዛል ስትለኝ ምን ልበል? ፈረንጅም እንደኛ ካላማዳሪ መግዣ አጣ እንዴ ብዬ ሳቅሁ።

ያም ሆኖ ሞከርነው። ኮምፕሬሰሬ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ሞተሩ ተቃጥሎ ቁጭ ብሏል። ዳና ታች መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ ጋ ወስደን እናስነፋ አለ። ሐብተማርያም ጎማ ተሸክሞ ሌላ ጎሚስታ ደጃፍ አይቆምም አልኩት። ደግሞም የላክኸው ቫልቭ ቀጭን ስለሆነ የእነሱ መንፊያ አይዘውም። በእግር ፓምፕ እሱ ነፋ፣ እኔ ያዝኩ። አየሩ በዚህ ገብቶ በዚያ ይወጣል። ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ቢነፋም ጎማው ንቅንቅ አላለም።

አንድ ነገር አሰብኩ። የከባድ መኪና ጎማ ቸርኬው ላይ አልቀመጥ ሲል ቤንዚን ጠብ እናደርግና ክብሪት እንጭርበት የለ? ጆሮዬን የበላው ያ ነው፤ ግን ጎማው ተቀምጧል። ዳና ይህን ስነግረው ክብሪቴን ደበቀብኝ። አንተ ምን ትላለህ?

ጻፍለት ስለው “ሰላም በልልኝ” ብቻ አለ። እሱም ቀላል አይደለም።

አጎትህ ሐብተማርያም


ኬፕ ታውን፣ የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅዎ። ክብሪቱን እንደደበቀ ይቆይ! ይህ ጎማ ስስ ነው፤ በእሳት ከተነካ ይቀደዳል፣ እናንተንም ያቃጥላል። በዚህ አይቀልዱብኝ።

እኔ የምሠራበት ብስክሌት ቤት ኮምፕሬሰር አለው። ብስክሌታቸውን ቤታቸው የሚያበጁ ደንበኞች ግን የላቸውም። እነሱ የሚያደርጉትን ልጻፍልዎ። መጀመሪያ ጎማዎቹን ዘርግተው ፀሐይ ላይ ያውሏቸው፤ እጥፋቱ ይለቃል። የቸርኬውን ውስጥ በደንብ ያጽዱና ፕላስተሩን ወጥረው ይለጥፉበት፤ አንድ የሽቦ ቀዳዳ እንኳ ክፍት ከቀረ አየር አይቆምም። ከዚያ አሮጌ ካላማዳሪ ከትተው ይንፉትና አንድ ቀን ይቆይ። ሁለቱም ጠርዞች ቦታቸውን ይይዛሉ። በማግስቱ በአንድ ጎን ብቻ ፈልቅቀው ካላማዳሪውን ያውጡ፤ የዚያኛው ጎን ጠርዝ እንደተቀመጠ ይቀራል። አዲሱን ቫልቭ ይግጠሙ። አሁን የቀረዎት አንድ ጎን ብቻ ነው።

ጠርዙን በሳሙና ውኃ ይቀቡት። የቫልቩን ውስጠኛ መርፌ ይንቀሉት፤ አየር በሰፊው እንዲገባ ነው። አየሩ ደግሞ ቀስ እያለ ሳይሆን በአንዴ መግባት አለበት። ፓምፕ ይህን አይችልም። እርስዎ ዘንድ ግን የመኪና ጎማ ሞልቷል። አንዱን በእግር ፓምፕ አቅሙ እስኪፈቅድ ይንፉት፤ ከእሱ ወደ ብስክሌቱ ቫልቭ ቱቦ ይዘርጉና ድንገት ይልቀቁት። የያዘውን አየር በአንድ ትንፋሽ ይሰጥዎታል። በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሞክሩ አሉ፤ ይፈነዳልና እርስዎ እንዳይሞክሩት።

ጠርዙ ሲቀመጥ ጧ ይላል። እርስዎ ስለማይሰሙት መዳፍዎን ቸርኬው ላይ ያሳርፉ፤ ይመታዎታል። ከዚያ አየሩን አስተንፍሰው ነጩን ፈሳሽ በቫልቩ ያንቆርቁሩ፣ መርፌውን ይመልሱ፣ ይንፉ። ዳና በዚያው ዕለት ይንዳው፤ ፈሳሹ ዙሪያውን እንዲዳረስ ነው።

ሰላም ካለኝ እኔም ሰላም ብዬዋለሁ ይበሉት።

ልጅዎ ሳሚ


ወላይታ ሶዶ፣ መጋቢት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳሚ፣

እልል በል! ሰላምታውን በኋላ እናደርሳለን።

ተቀመጠ። የአይሱዙ ጎማ ነፍተን፣ ቱቦ ዘርግተን፣ እኔ መዳፌን ቸርኬው ላይ አሳርፌ፣ ዳና ለቀቀው። እጄን እንደ ፈረስ ረገጠኝ! አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ዳና አፉን ከፍቶ ሲስቅ አየሁት፤ ድምፁን ባልሰማም ሳቁን አውቀዋለሁ፣ ልክ የእናታችሁ ነው። የኋለኛው ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎን ነበር፤ ሳሙናውን ስናበዛ እሱም ገባ። በማግስቱ ወደ በዴሳ ወርዶ እሾሁን ሁሉ ጠራርጎት ተመለሰ። ጎማው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ብቻ አለ። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ሊያየው ሱቄን ሞልቶት ዋለ። እኔም እንደ ሊቅ አስረዳሁ፤ ካላማዳሪ ድሮም አልወድም ነበር አልኳቸው።

አንድ ነገር ግን አለ። ትናንት ዳና በጠመኔ ጎማ ላይ ጻፈልኝ። ታውቃለህ፣ ከእኔ ጋር የሚያወራ ሁሉ እንደዚያ ነው። “ሳሚ የሚኖርበት ቤት ስንት ክፍል ነው?” ይላል። ትከሻዬን ነቅንቄ ጠመኔውን በመዳፌ ጠረግሁት። ከሰፈራችን ሦስት ልጆች ጥምቀት ሳይደርስ ሄደዋል። ደላላው እኛው መሀል ነው ያለው፤ እግዜር ይይለት፣ ሰላም ይለናል። አንተው ራስህ ለዳና አንድ ጥሩ ቃል ጻፍለት። ቁጣ ሳይሆን ጥሩ ቃል።

አጎትህ ሐብተማርያም


ኬፕ ታውን፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ስለ ጎማው እንደ ሕፃን ነው የተደሰትኩት፤ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ነገርኳቸው።

ለዳና ይህን ያንብቡለት። እዚህ ማደሪያ የለም። ላንተ የሚሆን አልጋ የለም፣ ሥራም የለም። ብትመጣ በር አልከፍትልህም። ዳሞታ ላይ ንዳ።

ሌላ ቃል አላገኘሁም ጋሼ። ጥሩ ቃል ብጽፍለት ይመጣል። እዚህ ስላለው ኑሮ በዝርዝር እንዳልጽፍ እትዬ ጣፈጠች ያነቡታል።

መልካም ፋሲካ ይሁንላችሁ። ማጣሪያው እንዴት እንደሆነ ቶሎ ይጻፉልኝ።

ሳሚ


ወላይታ ሶዶ፣ ሰኔ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሳሚ ጩማ፣

እንደምን አለህ? ለጤናህ እንደምን ነህ? እኛ በጣም ደህና ነን። ጣፈጠች ደህና ናት። ዳና ደህና ነው። ጎረቤቶቻችን በሙሉ ደህና ናቸው፣ ሰላም ይሉሃል። ዝናቡ ጥሩ ነው።

ሳልጽፍልህ የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ማጣሪያው ትንሽ ተራዝሟል መሰለኝ። ዳና ደክሞት ስለሚተኛ ብዙ አንጫወትም።

የብስክሌቱ የፊት ጎማ አየር ማጣት ጀምሯል። ሲነፉት ይሞላል፣ ሰንበት ብሎ ይለሰልሳል። ምን ይሻለዋል?

ደግሞ ልጠይቅህ። እናንተ ጋ አሁን ብርድ ነው አሉ። ወደ እናንተ በሚያመጣው መንገድ ያሉት አገሮችም ብርድ ናቸው ወይ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

አጎትህ


ኬፕ ታውን፣ ሐምሌ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ስለዘገየብኝ ጨንቆኝ ነበር። ዳና ጋ ደጋግሜ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ደገፉ ጋ ደወልኩ፤ “ደህና ነው፣ አሁን በዚህ አለፈ” አሉኝ። ጎረቤታችን ሰላምአብም ያንኑ አለችኝ። ተመስገን ብዬ ተቀመጥኩ።

ብርድ ነው፤ መንገዱ ላይም በየቦታው ብርድ ነው። ምነው ጠየቁኝ?

ለጎማው፣ ፈሳሹ አልቆ ወይም ደርቆ ይሆናል። በአንድ ጎን ፈልቅቀው ውስጡን ይዩልኝ። ያዩትን ልክ እንዳዩት ይጻፉልኝ፤ መድኃኒቱን እነግርዎታለሁ።

ልጅዎ ሳሚ


ወላይታ ሶዶ፣ ነሐሴ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳሚ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ሁላችንም ደህና ነን።

ጎማውን ከፈትኩት። ዙሪያውን በሙሉ ስስ ቆዳ የመሰለ ነገር አለው፤ ደርቋል፣ በጥፍር ይላጣል። ከታች በኩል ከቫልቩ ትይዩ ግን አንድ ቦታ ላይ ተከማችቶ ረግቷል፤ ውፍረቱ የአውራ ጣቴን ያህላል። ስጫነው እንደ አይብ ነው። ሌላው ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የኋለኛውንም ከፈትኩት፣ ልክ እንደዚያው ነው። ጠርዞቹ ንጹሕ ናቸው፣ ቸርኬውም ጭረት የለበትም። ፕላስተሩ እንደለጠፍኩት ነው።

ዳና በየቀኑ ይነዳዋል፤ ደህና ነው።

አጎትህ ሐብተማርያም


ኬፕ ታውን፣ መስከረም 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ይህን በፖስታ አልላክሁትም። ለሰላምአብ በስልክ ልኬላታለሁ፤ ፎቶ ኮፒ ቤቷ አትማ ታመጣልዎታለች። ሰፈሩ ያንብበው።

የሚነዳ ጎማ ውስጥ ፈሳሹ አንድ ቦታ አይረጋም። ሲዞር ይዞራል፣ ዙሪያውን እኩል ይደርቃል። አንድ ቦታ የሚከማቸው ጎማው ሳይንቀሳቀስ ተሰቅሎ ሲከርም ነው። ይህ ብስክሌት ከክረምቱ በፊት ጀምሮ አልተነዳም። ሁለቱም ጎማዎች።

እርስዎ ስለ ሰው ሊዋሹኝ ይችላሉ። ስለ ጎማ ግን ዋሽተው አያውቁም፣ አይችሉበትምም።

ወንድሜ የት ነው?


ወላይታ ሶዶ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳሚ ልጄ፣

ሰላምታ ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ።

ማጣሪያው አልተራዘመም። ግንቦት ላይ ተደርጓል። ጎማው አልከዳውም፤ ከዳሞታ እንደ ጥይት ወረደ፣ አንደኛ ወጣ። ሕዝቡ በትከሻው ተሸክሞ ሱቄ ድረስ አመጣው። በሳምንቱ ክለቡ ጠራቸውና “ዘንድሮ በጀት አልተፈቀደም፤ ለከርሞ እናያለን” አሏቸው። ዳና ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ከዚያ በኋላ አልወጣበትም።

የአንተን ደብዳቤ ከፋሲካ በኋላ ነው ያገኘሁት፤ ወዲያው ሰጥቼው ነበር። አንብቦ አጠፈውና ኪሱ ከተተው። ከዚያ አንድ ማለዳ ከጓደኛው ከክብረት ጋር ሱቅ መጣ። ጠመኔ አንስቶ “እንሄዳለን። ለሳሚ አትንገረው። በሩን አንኳኩቼ ላስደንግጠው፤ ሲያየኝ ይከፍትልኛል” ብሎ ጻፈ። ያዝኩት፣ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት። ሁለት ጎረምሳ በገመድ አላስር ነገር! ጣፈጠች ዳጣ በጠርሙስ፣ ቆሎ በከረጢት አስያዘችው። እኔ መረቅሁት። መርቄ ስልከው መርገም ከምሰጠው ይሻላል ብዬ ነው።

ከታንዛኒያ ለጣፈጠች ደወለ፤ ደህና ነን፣ ነገ በመኪና እንሻገራለን አላት። ሰኔ መግቢያ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። ዛሬ ይደርሳል፣ ነገ ይደርሳል፣ ሳሚ ራሱ “መጣ” ብሎ ይጽፍልናል ስንል ከረምን። ደገፉን “ደህና ነው በል” ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሰላምአብንም እንዲሁ። ለዳና የገባሁትን ቃል ላለማፍረስ ነበር። በኋላ ግን ፈርቼ ነው።

ስለ ጎማው የጻፍኩልህ ከዳና ነገር ሳልዋሽ ልጽፍልህ የምችለው ጎማውን ብቻ ስለሆነ ነው። ጊፋታም መስቀልም አለፈ፤ ቤታችን ሥጋ አልገባም። ጣፈጠች በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሳለች። እኔ ስለማልሰማ ፊቷን አያለሁ።

ልጄ፣ ፈልግልኝ። ሌላ የምልህ የለኝም።

ሐብተማርያም


ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለጋሼ ሐብተማርያም፣

ይህን ወረቀት በሰላምአብ አሳትመው ያቀበሉዎት ጋሽ ደገፉ ናቸው። አሁን አጠገብዎ ተቀምጠዋል። የእድሩ ሰዎችም አሉ። እትዬ ጣፈጠች ጋ ሴቶቹ ገብተዋል፤ ለእሳቸው በአፍ ይነግሯቸዋል። ማለዳ በራፍዎ ላይ ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ ገብቶዎት ይሆናል። ለሌላው ሰው እንደሚደረገው ለእርስዎ በቃል ሊነግሩዎት አይችሉም። በጠመኔ ጎማ ላይ ተጽፎ እንዲነገርዎ ደግሞ እኔ አልፈለግኩም። ስለዚህ መርዶውን የምነግርዎት እኔው ነኝ።

ዳና ሞቷል።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ሥራዬን ትቼ መንገዱን ወደ ኋላ ሄድኩበት። ክብረትን ማላዊ ውስጥ እስር ቤት አገኘሁት። ሁሉንም ነገረኝ። ዕቃ በሚጫንበት ዝግ መኪና ነው ያሻገሯቸው። ብዙ ነበሩ። በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር፤ ፍተሻ ላይ ድምፅ እንዳታሰሙ ተብለዋል። መኪናው ሳይከፈት ቆመ፣ ብዙ ቆመ። በሩ ሥር ባለች ስንጥቅ ላይ ተራ በተራ እየተኙ ይተነፍሱ ነበር። መደብደብ ሲጀምሩ የሰማቸው የለም። በሩ ሲከፈት ስንጥቁ ላይ የነበረው ክብረት ነው። ዳና ተራውን ጨርሶ ወደ ውስጥ ተመልሶ ነበር። አየር ነው ያጣው ጋሼ። እንዲህ ብዬ ለእርስዎ መጻፌ ያቃጥለኛል፤ ግን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ነው።

የአገሩ ሰዎች ከሌሎቹ ጋር ቀብረውታል። ቦታውን አየሁት፤ ጫካ ዳር ነው፤ መቃብሮቹ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። የእሱ የቱ እንደሆነ የነገረኝ የለም። ሁሉም ጋ እየዞርኩ አለቀስኩ።

እርስዎ ዝም ያሉት እሱ ስለለመነዎት ነው። እኔም በር አልከፍትም ያልኩት እንዳይመጣ ብዬ ነው። ቢያንኳኳ እከፍትለት ነበር። ይህን እርስዎ ያውቃሉ፤ እሱም ያውቅ ነበር፤ ለዚህ ነው የመጣው። እኔ ከዚህ ጋር እኖራለሁ። እርስዎ ግን ራስዎን እንዳይበሉ እለምንዎታለሁ፤ ከእንግዲህ ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ከዚህ በታች የሚነበብ የለም። ወረቀቱን ለጋሽ ደገፉ ይመልሱላቸው፤ አሁን ያልቅሱ።

ልጅዎ ሳሚ